የኮምፒዩተር ጠበብት ሥራና ፊደላችን ወደ መኪናው የገባበት መንገድ

ነጋዴ የሆነ ሰው ዕቃ ሲገዛ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራውና ለምን ጕዳይ እንደ ተሠራ መጠየቅ ልማዱ ነው። ማር የሚገዛ ሰው የቀፎውን አገር ይጠይቃል፤ ድንች የሚጭንም ከየትኛው ቀበሌ እንደ ወጣ ሳያውቅ ዋጋ አይቈርጥም። እንዲህ ሆኖ ሳለ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ በየሱቁ ባንኮኒና በየመጋዘኑ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው መኪና፣ ሒሳባችንን የሚደምረውና ደብዳቤያችንን የሚጽፈው ኮምፒዩተር፣ ከየት እንደ ተነሣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን በዚህ መሣሪያ ፊት እንደ እንግዳ እንቆማለን፤ የሚያዘንን እንፈጽማለን እንጂ እንዲያደርግልን የምንሻውን አንጠይቀውም።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ያንን እንግድነት ለማስቀረት ነው። በመጀመሪያ መሣሪያውን የፈለሰፉት ጠበብት እነማን እንደ ነበሩና የነጋዴ ፍላጎት በሥራቸው ላይ ምን ያህል ድርሻ እንደ ነበረው ይገለጻል፤ ቀጥሎም የእኛ ፊደል ወደዚህ መሣሪያ እንዴት እንደ ገባ፣ በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ለዕለት ሥራችን የሚጠቅመን ምን እንደ ሆነ ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው ካልተባለ በቀር በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመሣሪያው ትውልድ ከባንኮኒ ነው

ብዙ ሰው ኮምፒዩተርን የጦር ሠራዊትና የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ብቻ ያወጡት ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። እርግጥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን እጅግ አፋጥኖታል። ነገር ግን የዘር ሐረጉ ሲቈጠር ከሽመና ቤት፣ ከሱቅ፣ ከመጋዘንና ከመዝገብ ቤት ጭምር የሚነሣ ሆኖ ይገኛል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዣካር የተባለ ፈረንሳዊ፣ ቀዳዳ የተበሳበት ካርቶን ለሸማኔው ዕቃ ትእዛዝ እንዲሰጥ አደረገ። ቀዳዳ ባለበት ክሩ ይነሣል፤ ቀዳዳ በሌለበት ይቀመጣል፤ ጥለቱም ሳይሳሳት ይወጣል። ይኸው የካርቶን ዘዴ ኋላ ወደ ቈጠራ ሥራ ተሻገረ። ኸርማን ሆለሪት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ስፍራ በቀዳዳ ካርድ ላይ አስፍሮ በኤሌክትሪክ የሚቈጥር መሣሪያ ሠራ፤ አሜሪካም የ1890ን የሕዝብ ቈጠራ በዚህ መሣሪያ ፈጸመች። የሆለሪት ኩባንያ በ1911 ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ተቀላቀለ፤ ይህም ማኅበር በ1924 ስሙን ለውጦ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አይ ቢ ኤም ሆነ።

በሌላ ወገን ደግሞ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ ጄምስ ሪቲ የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበረ። ሠራተኞቹ ከደንበኛ የተቀበሉትን ገንዘብ ሁሉ ወደ ሣጥኑ አያገቡለትም ነበርና ልቡ ይታወክ ነበር። በመርከብ ወደ ኤውሮጳ ሲጓዝ የመርከቡን መዘውር ዙር የሚቈጥር መሣሪያ አየ። የመዘውር ዙር ከተቈጠረ የሽያጭ ገንዘብም ሊቈጠር እንደሚችል ተረዳና ከወንድሙ ከጆን ጋር ሆኖ የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ሠራ፤ በ1879ም የፈጠራ መብቱ በመንግሥት ተመዘገበለት። በአገራችን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን ግዴታ ያደረገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 139/1999 (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የሚናገርለት ዕቃ የሪቲ መኪና የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሪቲ መኪናውን የሠራው ጌታው ሠራተኛውን እንዲቈጣጠርበት ነበር፤ ዛሬ ግን መንግሥት ጌታውን ራሱን ይቈጣጠርበታል።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው ግን የእንግሊዝ ሻይ ቤቶች ታሪክ ነው። ላየንስ የተባለው ኩባንያ በመላው እንግሊዝ አገር ሻይና ኬክ የሚሸጥባቸው ብዙ ቤቶች ነበሩት። የእያንዳንዱ ቤት ትእዛዝ፣ የዳቦው ወጪና የሠራተኛው ደመወዝ በየቀኑ መታሰብ ነበረበት፤ ትርፉ ግን ከአንዲት ሲኒ ሻይ የሚገኘው ሳንቲም ነበር። ስለዚህ የኩባንያው ሹማምንት ኮምፒዩተር የሚሸጥ ሰው እስኪመጣ አልጠበቁም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ዊልክስ በ1949 ሥራ ያስጀመረውን ኮምፒዩተር አብነት አድርገው፣ ጆን ፒንከርተን የተባለ መሐንዲስ ቀጥረው፣ የራሳቸውን መሣሪያ አሠሩ፤ ስሙንም ሊዮ አሉት። ሊዮ በ1951 የዳቦ ቤቱን ሒሳብ መሥራት ጀመረ። ለንግድ ቤት የዘወትር ሥራ ኮምፒዩተርን በማዋል ሻይ ሻጩ ኩባንያ ቀዳሚ ሆነ ማለት ነው።

ከአዳራሽ ወደ ኪስ

በዚያ ዘመን የነበረው ኮምፒዩተር ዛሬ ከምናውቀው ጋር በመልክ የሚመሳሰል አልነበረም። ጆን ሞክሊና ፕሬስፐር ኤከርት በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው መሣሪያ 18,000 ያህል የመስተዋት አምፑሎች የነበሩትና 30 ቶን ያህል የሚመዝን ነበር። አምፑሎቹ እንደ ማንኛውም አምፑል ይግላሉ፣ ይቃጠላሉም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በአዳራሽ እንጂ በሱቅ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነው።

ይህን የለወጠው በ1947 መጨረሻ በቤል የምርምር ቤት የተገኘው ትራንዚስተር ነው። ጆን ባርዲን፣ ዋልተር ብራተንና ዊሊያም ሾክሊ ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍና የሚዘጋ፣ የማይግል፣ ትንሽ መሣሪያ አወጡ፤ በ1956ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቀጥሎ በ1958 ጃክ ኪልቢ፣ በ1959 ደግሞ ሮበርት ኖይስ ብዙ ትራንዚስተሮችን ለየብቻ ከመበየድ ይልቅ በአንድ ቍራጭ ላይ በአንድነት መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ቺፕ የምንለው ይህ ነው።

አሁን እንደ ገና አንድ ነጋዴ ወደ ታሪኩ ይገባል። ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ኩባንያ የጠረጴዛ ሒሳብ ማሽን የሚሸጥ ነበር። በ1969 ኖይስና ጎርደን ሙር ወደ መሠረቱት ወደ ኢንቴል ኩባንያ ሄዶ ለማሽኖቹ ልዩ ልዩ ቺፖች እንዲሠሩለት አዘዘ። የኢንቴል መሐንዲስ ቴድ ሆፍ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ የየብቻ ቺፕ ከመሥራት ይልቅ በትእዛዝ ማንኛውንም ሥራ የሚሠራ አንድ ቺፕ ቢኖር እንደሚሻል አሰበ። ፌዴሪኮ ፋጂን፣ ስታን ሜዘርና ከቢዚኮም ወገን የመጣው ማሳቶሺ ሺማ ሐሳቡን ወደ ሥራ አደረሱት። በ1971 ለገበያ የወጣው ይህ ቺፕ 4004 ተባለ፤ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩበት። ዛሬ በኪሳችን የሚገኘው ስልክ የዚሁ ቺፕ ዘር ነው።

የቢዚኮም ታሪክ መጨረሻ ግን ለውል ፈራሚ ሁሉ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ስምምነት ቺፑን የመጠቀም መብት የቢዚኮም ብቻ ነበር። ገበያው ሲከፋበት ኩባንያው የዋጋ ቅናሽ ጠየቀ፤ ኢንቴልም ቅናሹን ሰጥቶ በምትኩ ቺፑን ለሌላ ገዢ የመሸጥ ነጻነት ወሰደ። ቢዚኮም በ1974 ከሰረ፤ ኢንቴል ግን በዚያ መብት ታላቅ ሀብት አፈራ። ለዛሬ ችግር ሲሉ የነገን መብት መስጠት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ቍጥር እንጂ ፊደል የማያውቅ መሣሪያ

አሁን ወደ ራሳችን ጕዳይ ከመግባታችን አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጠባይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይኸውም ኮምፒዩተር ፊደል የማያውቅ መሆኑ ነው። ትራንዚስተር ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፤ መክፈትና መዝጋት። ከሁለቱ ቍጥር ይሠራል፤ ከቍጥር በቀር ግን ምንም የለውም። ስለዚህ ሰዎች ተስማምተው ለእያንዳንዱ ፊደል ቍጥር ሰጡት። በ1963 በአሜሪካ በወጣው አስኪ በተባለው ስምምነት 128 ቍጥሮች ተመደቡ፤ የላቲኑ የመጀመሪያ ትልቅ ፊደል ለምሳሌ 65 ቍጥር ደረሰው። ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለቍጥሮችና ለነጥቦች 128 ቦታ ይበቃል።

ለእኛ ግን አይበቃም። የአማርኛ ፊደል 33 እናት ሆሄያት ሲኖሩት እያንዳንዱ በሰባት መልክ ስለሚገኝ 231 ይሆናል፤ እነ ቋንና ኳን፣ የግዕዝ ቍጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ስንጨምርበት ከዚያም ያልፋል። 128 ወንበር ባለው አዳራሽ፣ ወንበሩም ሁሉ አስቀድሞ በተያዘበት፣ 231 እንግዳ ይዞ እንደ መምጣት ነው። ጠበብቱ መኪናውን ሠሩት እንጂ ስለ እኛ ፊደል ያሰበ በመካከላቸው አልነበረም። ይህም ክፋት አልነበረም፤ ያልጠየቃቸው ሰው ስለ ነበረ ነው። ሻይ ሻጩ ስለ ሻዩ ጠየቀ፤ ሒሳብ ማሽን ሻጩም ስለ ማሽኑ ጠየቀ። ስለ ሀሁ የሚጠይቀው ሰው ግን ከእኛው መካከል መነሣት ነበረበት።

ፊደሉን ያስገቡ ኢትዮጵያውያን

ይህ ችግር ከኮምፒዩተር በፊትም የነበረ ነው። የጽሕፈት መኪና ቁልፎቹ ወደ 45 የሚጠጉ ሲሆኑ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ ከ90 ብዙ አያልፍም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል በጽሕፈት መኪና ላይ ለማዋል በደከሙ ጊዜ የተጋፈጡት ይህንኑ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው እናቲቱን ሆሄ ለብቻ፣ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ ደግሞ ለብቻ መትቶ ማገጣጠም ነው። ፊደሉ በመጠኑ መልኩን ቢለውጥም የመንግሥት ጽሕፈት ቤትና የንግድ ቤት ሁሉ ለብዙ ዓመታት በዚህ ዓይነት መኪና ሠርቷል፤ ከእነዚህም ኦሊቬቲ የተባለው በብዙ ቢሮዎች ይገኝ ነበር። በቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲስነታቸው የታወቁት ተረፈ ራስወርቅም በአማርኛ የሚጽፍ ቴሌፕሪንተር እንዲኖር ሠርተዋል። የቴሌፕሪንተር ስምምነት ቍጥር ከጽሕፈት መኪናም ያነሰ በመሆኑ ድካሙ ቀላል አልነበረም።

ኮምፒዩተር በግለሰብ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሥራውን በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አነሡት። በ1980ዎቹ በአሜሪካ በኮሎራዶ የሚኖሩት ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኤት የተባለውን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ፣ በካሊፎርኒያ የሚኖሩት አቶ ፍሥሐ አጥላው ደግሞ ዳሸን የተባለውን አወጡ። ሁለቱም የሠሩት መንግሥት አዟቸው አልነበረም። ኋላም በአዲስ አበባ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም እየወጡ የማተሚያ ቤቱን፣ የጽሕፈት ቤቱንና የጋዜጣውን ሥራ ሁሉ ተሸከሙ። በየከተማው ደብዳቤ የሚጽፉ ወጣቶች እንጀራ የበሉት በእነዚህ ፕሮግራሞች ነው።

ነገር ግን አንድ ታላቅ ጕድለት ነበረ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ "ለ" የሆነው ቍጥር በሌላው "ጠ" ወይም የላቲን ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት ከብዙ ዓመታት በፊት የተጻፈ የዕዳ ስምምነት በተፈለገ ጊዜ ፋይሉ ተገኝቶ ነበር፤ ሲከፈት ግን የሚነበብ አንድ ቃል እንኳ አልነበረበትም። በወረቀት የታተመ ቅጅ በሣጥን ባይገኝ ኖሮ ገንዘቡ በቀረ ነበር። ለፊደል የሚሰጥ ቍጥር የሊቃውንት ጭውውት ብቻ አለመሆኑን፣ የነጋዴውንም ሀብት የሚነካ መሆኑን ይህ ያሳያል።

የዩኒኮድ ስምምነት

ይህ ጕድለት የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ዐረቡም፣ ሕንዱም፣ ቻይናውም በየፊናው ተቸግሮ ነበር። ስለዚህ ጆ ቤከርን የመሰሉ ሊቃውንት በ1980ዎቹ መጨረሻ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የማይደጋገም ቍጥር የሚሰጥ አንድ ስምምነት አነሡ፤ ስሙም ዩኒኮድ ተባለ። በ1991 የዩኒኮድ ማኅበር በካሊፎርኒያ ተቋቋመ። አቶ ፍሥሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም የግዕዝ ፊደል በስምምነቱ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ደከሙ። በመስከረም 1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የፊደላችን ምልክቶች ገቡ።

ከዚያ ወዲህ "ሀ" በዓለም ሁሉ 4608 ቍጥር ነው፤ "ለ" 4616፣ "አ" ደግሞ 4768 ነው። በቶኪዮ የተሠራ ስልክም ሆነ በቻይና የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ይህን ቍጥር ሲያገኝ ያንኑ ፊደል ያወጣል። በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ንያላ ከተባለው የፊደል ቅርጽ ጋር የአማርኛን ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ቍጥሮቹ በሀ ለ ሐ መ ተራ የተሰደሩ ስለ ሆነም የደንበኞቻችን ስም ዝርዝር በራሳችን የፊደል ተራ ሊደረደር ይችላል።

ለአዊ ሕዝብ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። የአውጚ ቋንቋ በአማርኛ የሌለ፣ በአፍንጫ የሚነገር ድምፅ አለው፤ ለዚህም ድምፅ የሚያገለግለው የ"ጘ" ተራ ነው። ይህ ተራ በ1999ኙ ስምምነት ገብቷል፤ "ጘ" 4888፣ "ጚ" ደግሞ 4890 ቍጥር ተሰጥቷቸዋል። እነዚህ ሆሄያት ተረስተው ቢሆን ኖሮ አውጚ ተብሎ የሚጻፈው ቋንቋ የራሱን ስም እንኳ በመኪና ለመጻፍ ባልቻለ ነበር። በአውጚ የሚጻፍ የሱቅ ሰሌዳ፣ የማስታወቂያ ወረቀትና የዕቃ መለያ ሁሉ በዚህች አንዲት መስመር ላይ የቆመ ነው።

ነጋዴው በሥራው ላይ ሊያስተውለው የሚገባ

ከላይ የተነገረው ታሪክ ለዕለት ሥራችን የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ውሎች፣ የዕዳ ስምምነቶችና የዕቃ ዝርዝሮች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉ እንደ ሆነ፣ አሮጌው ፕሮግራም ገና በሚሠራበት ጊዜ ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ፤ በወረቀትም ይታተሙ። አሮጌው ኮምፒዩተር ከተበላሸ በኋላ ሥራው እጅግ ይከብዳል።

ሁለተኛ፤ የደንበኛ ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጻፍ። ለጆሯችን "ኃይሉ"፣ "ሃይሉ" እና "ሀይሉ" አንድ ሰው ነው። ለመኪናው ግን የመጀመሪያው ፊደል 4739፣ ሁለተኛው 4611፣ ሦስተኛው 4608 ነውና ሦስት ሰዎች ናቸው። እንበልና አንድ ደንበኛ በአንዱ አጻጻፍ 4,000 ብር፣ በሌላው 2,500 ብር ዕዳ ቢመዘገብበት፣ ሒሳቡ ሲጠየቅ መኪናው አንዱን ብቻ ያሳያል፤ ሌላው ተደብቆ ይቀራል። መኪናው አልዋሸም፤ የተነገረውን ተናገረ። ስለዚህ በ"ሰ"ና "ሠ"፣ በ"ጸ"ና "ፀ"፣ በ"አ"ና "ዐ" ሁሉ የሱቁ ሰዎች ተስማምተው አንዱን ይምረጡ፤ ከስሙም ጋር የስልክ ቍጥር ይጻፉ።

ሦስተኛ፤ የግዕዝ ቍጥር ለክብርና ለቀን መጻፊያ ያማረ ቢሆንም በሒሳብ ሠንጠረዥ ውስጥ አይግባ። "፲፪" ብለን ብንጽፍ የተለመደው የሒሳብ ፕሮግራም እንደ ቃል እንጂ እንደ ቍጥር ስለማይቀበለው በድምሩ ውስጥ አያገባውም። "12" ተብሎ ይጻፍ።

አራተኛ፤ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ምክንያቱ የእኛ ፊደል ቍጥር ትልቅ በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ ነው። ለብዙ ደንበኞች የዋጋ ማስታወቂያ የሚልክ ነጋዴ ቃሉን ከ70 ምልክት ሳያሳልፍ ቢያሳጥር ለሁለት መልእክት ከመክፈል ይድናል። በፊደላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም እንደ አንድ ምልክት የሚቈጠር ነው።

አምስተኛ፤ መዝገብ በአንድ ስፍራ ብቻ አይቀመጥ። የኤሌክትሪክ መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱም እንደ ማንኛውም ዕቃ ይበላሻል ወይም ይሰረቃል። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ቅጅ በሌላ ዕቃ ላይ ገልብጦ፣ ዕቃውንም ከሱቁ ውጭ በሌላ ቤት ማስቀመጥ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም።

ስድስተኛውና ዋናው፤ አስመጪዎች ኮምፒዩተር፣ የዋጋ መለያ ማተሚያ ወይም የሽያጭ ፕሮግራም ሲያዝዙ፣ ባለሱቆችም ሲገዙ፣ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ዕቃው ፊደላችንን ይቀበል እንደ ሆነ በዓይናቸው ይዩ። የሻጭ ቃል አይበቃም። አንድ የደንበኛ ስም፣ አንድ የዕቃ ስምና "አውጚ" የሚለውን ቃል በፊታቸው አጽፈው፣ አሳትመው፣ ዘግተውም እንደ ገና ከፍተው ያንብቡ። በስምምነቱም ወረቀት ላይ ዕቃው የዩኒኮድን የግዕዝ ፊደል በሙሉ የሚቀበል መሆኑ ይጻፍ። ፊደሉ በስምምነቱ ቦታ ካገኘ ከብዙ ዓመታት በኋላም ባዶ ሣጥን ብቻ የሚያትም ማተሚያ በገበያ ላይ ይገኛል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ያለ ጥያቄ የሚገዛ እስካለ ድረስ የሚሸጠውም አይጠፋም።

ማጠቃለያ

ዣካር፣ ሆለሪት፣ ሪቲ፣ ዊልክስ፣ ኪልቢ፣ ኖይስ፣ ሆፍና ፋጂን መኪናውን ለዓለም ሰጡ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። የሻይ ነጋዴውና የሒሳብ ማሽን ነጋዴው ደግሞ ይህን አድርግልን ብለው በመጠየቃቸው መኪናውን ወደ ገበያ አወጡት። አያና ብሩ፣ ተረፈ ራስወርቅ፣ አበራ ሞላ፣ ፍሥሐ አጥላውና የሥራ ጓደኞቻቸው የእኛን ፊደል ይዘው ወደ በሩ ባይሄዱ ኖሮ የሒሳብ መዝገባችን እስከ ዛሬ በባዕድ ፊደል በተጻፈ ነበር። እነሱ በሩን ከፍተዋል፤ ፊደሉም ቍጥሩን አግኝቷል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ የጠበብት ሳይሆን የገዢ ነው። ገዢ ያልጠየቀውን ሻጭ አያመጣምና፣ የእንጅባራና የዳንግላ ነጋዴዎች በሚገዙት መሣሪያ ላይ ቋንቋቸውንና መዝገባቸውን የሚጠብቅ ዕቃ እንዲመጣላቸው በአንድ ቃል ሊጠይቁ ይገባል።